ጥሪ የሌለው ጣቢያ

ተማሪዎቼን ማስተማር የምጀምረው ሁልጊዜ ሁለት መስመር በመሣል ነው። አንዱን ከታች፣ አንዱን ከላይ። የታችኛው ከተማ ውስጥ ለውስጥ፣ ከምድር በታች የሚሄደው ባቡር ነው። የላይኛው ደግሞ ከዳር ከተሞች ሠራተኛውን ጠዋት አምጥቶ ማታ የሚመልሰው ነው። ሁለቱ የሚገናኙበት ላይ ክብ እሠራለሁ። «ሥራችን እዚች ክብ ውስጥ ነው» እላቸዋለሁ። «መንገደኛው ከአንዱ ወርዶ ሌላው ላይ እስኪሳፈር ስንት እርምጃ ሄደ? ስንት ደረጃ ወጣ? ስንት ጊዜ ቆሞ ዞር ዞር አለ?»

ደብረ ማርቆስ ላይ ባቡር የለም። ተማሪዎቹም ይህን አይረሱትም። በየዓመቱ አንዱ ከኋላ ወንበር ሆኖ «ቲቸር፣ ይሄ ነገር ላም አለኝ በሰማይ አልሆነብንም?» ይላል፤ ክፍሉ ይስቃል፤ እኔም እቆጣለሁ። ቶሎ እቆጣለሁ፣ የሚያውቁኝ ሁሉ ይህን ያውቃሉ። ባቡር ባይኖር ሚኒባስና ባጃጅ አለ፣ ሰው ከአንዱ ወርዶ አንዱ ላይ ይሳፈራል፣ ሕጉ ያው ነው እላቸዋለሁ። ሕጉን ደግሞ በትልቁ እጽፍና አሰምርበት ነበር፦ መንገደኛ ማንንም ሳይጠይቅ ያሰበበት ከደረሰ ጣቢያው በደንብ ተሠርቷል።

ማንንም ሳይጠይቅ። ይህችን ቃል ከየት እንዳመጣኋት አላስታውስም፤ ከአንድ መጽሐፍ ይሆናል። አሁን ስጽፋት እጄ ይከብደኛል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአምበር በኩል የሚመጡት ሚኒባሶች ሰው የሚያወርዱበትን ቦታ እንዳስተካክል በከተማው አስተዳደር ተጠየቅሁ። ሰዉ እዚያ ወርዶ ወደ ሆስፒታሉ፣ ወደ ገበያው፣ ወደ ዩኒቨርሲቲው በባጃጅ ይሄዳል። ደስ አለኝ። ስንት ዓመት ሰሌዳ ላይ የሣልኳት ክብ በመጨረሻ መሬት ላይ ልትወርድ ነው።

ያኔ ቦታው እንዲህ ነበር። ሚኒባሱ ገና ሳይቆም ባጃጆቹ በሩ ላይ ይደረደራሉ። «ሆስፒታል! ሆስፒታል! አንድ ሰው የቀረው ሆስፒታል!» «ገበያ! ገበያ!» ሰው እግሩ መሬት ሳይነካ ጆንያውን ተቀብለው ጭነውለታል። ሽማግሌ ከወረዱ ደግሞ የሚኒባሱ ወያላ ክንዳቸውን ይዞ «አባባ፣ ወዴት ነዎት?» ይላል፤ ከዚያም ለባጃጁ ሹፌር «አደራህን፣ ሆስፒታሉ በር ድረስ አግባቸው» ብሎ ያስረክባቸዋል። ይህን ሁሉ ሳምንት ሙሉ ቆሜ ደብተሬ ላይ መዘገብኩ። ከላዩም «ትርምስ» ብዬ ጻፍኩበት።

አስተካከልኩት። ባጃጆቹን ከሚኒባሱ በር አንሥቼ ወደ ኋላ ወሰድኳቸው። መሐሉን የእግር መንገድ አስነጠፍኩ፣ ዝናብ እንዳያገኘው ቆርቆሮ አስለበስኩት፣ ለየአቅጣጫው የራሱ ምልክት በየቀለሙ አሰቀልኩ። የሆስፒታሉ አረንጓዴ ነበር። ከምልክቶቹ ሥር አግዳሚ ወንበር አደረግሁ። ጥሪ ደግሞ ተከለከለ። እሱን አጥብቄ የጠየቅሁት እኔ ራሴ ነኝ፤ ጩኸቱ ያሳብደኝ ነበር።

ተራ አስከባሪው ዕድሜውን ሙሉ እዚያ ቦታ የቆመ ጎልማሳ ሰው ነው። ሥራው ባለቀ ቀን ምልክቶቹን አንድ በአንድ ቀና ብሎ አየና «ያምራል፣ እኅቴ። ግን ፊደል ያልቆጠረውን ማን ይጠራዋል?» አለኝ።

«ለዚያ ነው ቀለም ያደረግሁት» አልኩት።

«እንግዲህ ከእጅ አይሻል ዶማ እንዳይሆን» አለና ሄደ። ተናደድኩ። ለአዲስ ነገር ዓይን የሌለው ሰው ነው ብዬ ደመደምኩ። ለአዲስ ነገር ዓይን የሌለው! ይህን በልቤ ያልኩት እኔ ነኝ።

አባቴ የሚኖሩት ከአምበር ትንሽ ወጣ ብሎ ነው። ጤፍና ስንዴ የሚያርሱ ገበሬ ናቸው። በልጅነታቸው ዲማ ገዳም ሄደው ዳዊት ደግመዋል፤ ከዚያ በላይ ሳይዘልቁ አባታቸው ሞቱና ወደ እርሻው ተመለሱ። ዳዊቷን ግን አልተዉአትም። ጠዋት ጠዋት ደጅ ካለው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው፣ ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ይደግማሉ። በሄድኩ ቁጥር ገጹን ሲገልጡ አያለሁ። ስለዚህ ዓይናቸው ደህና ነው ብዬ አምኜ ነበር። እናቴ ካረፈች ወዲህ ብቻቸውን ናቸው፤ የሚነግረኝም ሰው አልነበረም።

ጥቅምት ላይ ቀኝ ዓይናቸውን አመማቸው። አምበር ያለው የጤና ባለሙያ አየና ወረቀት ጻፈላቸው፤ «ዛሬ ነገ ሳይሉ ደብረ ማርቆስ ይታዩ» አላቸው። የዓይን ሐኪሙ የሚመጣው ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ያውም እስከ እኩለ ቀን ብቻ ነው። ሰኞ ዕለት ደወሉልኝ።

«ትቀበይኛለሽ ወይ?» አሉኝ።

ክፍል ነበረኝ። ክፍሉን ማስቀረት እችል ነበር፤ እውነቱን ልናገር። ግን አንድ ሌላ ነገርም ነበር። አባቴ በሠራሁት መንገድ ብቻቸውን ሄደው ሲደርሱ ማየት ፈልጌ ነበር። «አባባ፣ ምንም አያስፈልግዎትም» አልኳቸው። «ከሚኒባሱ ሲወርዱ ቆርቆሮ የለበሰውን መንገድ ይከተሉ። አረንጓዴው የሆስፒታል ነው። ማንንም መጠየቅ የለብዎትም።»

«እንግዲያውስ ደግ። አንቺ የሠራሽው አይደል? ምን ይጠፋኛል» አሉኝ።

በማግስቱ ሁለት መስመር ሣልኩ፣ ክብ ሠራሁ፣ ሕጉን ጽፌ አሰመርኩበት። ከክፍል ስወጣ ስድስት ሰዓት አልፏል። ሐኪሙ ምን እንዳላቸው ልጠይቅ ደወልኩ።

«አለሁ» አሉ።

«የት ነዎት?»

«እዚሁ አንቺ ጣቢያ ነኛ።»

እየሮጥኩ ደረስኩ። አግዳሚው ወንበር ላይ ነበሩ። ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ምርኩዛቸውን በሁለት ጉልበታቸው መሐል አቁመው፣ የሐኪሙን ወረቀት እንዳይታጠፍ በሁለት ጣታቸው ይዘው። አረንጓዴው ምልክት ከራሳቸው በላይ ተሰቅሏል። ከሁለት ሰዓት ጀምሮ እዚያው ናቸው። ባጃጆቹ ከፊታቸው ሞልተው ሲሄዱ፣ ባዶ ሆነው ሲመለሱ ነበር የዋሉት፤ የሚጣራ ግን የለም።

«አባባ! አረንጓዴው እኮ ይኸው፣ ከራስዎ በላይ!» አልኩ። ጮኼባቸው ነበር። ያን ጩኸት እስከዛሬ እሰማዋለሁ።

ቀና አሉ። ምልክቱ ያለበትን ሳይሆን ከጎኑ ያለውን ሰማይ ነው ያዩት። «ኧረ? እኔ እኮ ሁሉም እንደ ጉም አንድ ዓይነት ሆነብኝ፣ ልጄ። ሆስፒታል ብለው እስኪጠሩ ስጠብቅ ነው።»

«ታዲያ ለምን ሰው አልጠየቁም?»

«መጠየቅ የለብዎትም አልሽኝ» አሉ። ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ፣ «ሚኒባሱ ላይ ለሰዉ ሁሉ ልጄ ነች የሠራችው ብያለሁ። አባቷ ጠፍቶበት ሲጠይቅ ካዩት ሥራሽን ያሙብሻል ብዬ ነው» አሉኝ።

ባጃጅ ውስጥ አስገብቼ ሆስፒታሉ ጋ ስንደርስ ሐኪሙ ሄዷል።

ሳምንት ከምንጠብቅ ባሕር ዳር ልውሰድዎት አልኳቸው። «ሳምንት ምን አላት? አዝመራው ሜዳ ላይ ነው» አሉ። መለመን ነበረብኝ፤ መቆጣት ነበረብኝ። በማይሆን ቦታ ሁሉ የምቆጣ ሰው የዚያን ዕለት አፌ ተያዘ። አፍሬ ነበር። ሚኒባስ ላይ አሳፍሬ መለስኳቸው።

በሳምንቱ ማክሰኞ ከቤታቸው ድረስ ሄጄ አመጣኋቸው። ሐኪሙ ረጅም ጊዜ አያቸው። ግራ ዓይናቸው ከጠፋ ዓመታት እንዳለፉት ያን ቀን ሰማሁ። የቀኙን ደግሞ «ባለፈው ሳምንት ደርሳችሁ ቢሆን ኖሮ እናተርፈው ነበር» አለ። ሊወቅሰኝ አይደለም፤ ስለጠየቅሁት ነው። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል። አባቴ የቀረባቸው ዓይናቸው ነው፤ ዝም ያሉት ደግሞ ለእኔ ክብር ሲሉ ነው።

«ዳዊቱንስ እንዴት ያነቡ ነበር?» አልኳቸው ስንመለስ።

«በቃሌ ነዋ። ገጹን የምገልጠው አንቺ ስትመጪ እንዳታስቢ ብዬ ነው።»

ከዚያ በኋላ ተራ አስከባሪው ዘንድ ሄድኩ። ጥሪው እንዲመለስ፣ ባጃጆቹም ወደ ሚኒባሱ በር እንዲቀርቡ ማስፈቀዴን ነገርኩት። ምክንያቱን ሳይጠይቀኝ እኔው ነገርኩት። ይስቅብኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ቢስቅብኝ ይሻለኝ ነበር። ባርኔጣውን አወለቀና «እግዜር ይማራቸው» አለ፤ ወዲያው ወደ ባጃጆቹ ዞሮ «በሉ ተጣሩ!» አላቸው።

ክፍል ውስጥ አሁንም ሁለቱን መስመሮች እሥላለሁ። ሕጉን ግን አልጽፈውም። አንድ ተማሪ ከቀድሞዎቹ ደብተር ላይ አይቶት ለምን እንደተውኩት ጠየቀኝ፤ ስህተት ስለሆነ ነው አልኩትና ወደ ሌላ ነገር ገባሁ።

አባቴ ለሕመሙ መድኃኒት በየወሩ ይመጣሉ፤ እኔ ሄጄ አመጣቸዋለሁ። ባለፈው ወር ከወያላው ጋር ከሚኒባሱ ስናወርዳቸው ጣቢያው በጩኸት ቀልጧል። «ሆስፒታል! ሆስፒታል! አንድ ሰው የቀረው ሆስፒታል!» የአባቴ ፊት ፈካ። «ይኸው ጠሩን» አሉ። ሁለት እርምጃ ሄደው ቆም አሉ።

«ያ ምልክትሽስ አለ?»

«አለ፣ አባባ።»

«አረንጓዴው?»

«አዎ፣ አረንጓዴው።»

ምርኩዛቸውን ተደግፈው አንገታቸውን ቀና አደረጉ። እንደሚያነብ ሰው ትንሽ ቆዩና «ያምራል» አሉ።

ምልክቱ ያለው ከኋላቸው ነበር። ላዞራቸው እጄን ወደ ትከሻቸው ዘረጋሁና ተውኩት። አጠገባቸው ቆሜ እሳቸው ወደዞሩበት፣ ምንም ወደሌለበት እያየሁ፣ «አዎ፣ ያምራል» አልኳቸው።