ጋሽ ሰይድ የለቀቁልን ጋቢና

የዚያን ቀን መካነ ሰላም፣ የእርዳታ እህል ከሚታደልበት ግቢ የነበርነው እናቴ፣ ጀርባዋ ላይ የታዘለው ትንሹ ወንድሜ፣ የጤና ረዳቱ ድሬሰር፣ የጭነት መኪናው ሹፌር፣ ጎረቤታችን ጋሽ ሰይድና እኔ ነን። ሰልፈኛውማ ግቢውን ሞልቶት ነበር፤ ስማቸውን ግን አላውቅም።

ይህን ያስታወሰኝ ድምፅ ነው። ባለፈው ወር ሐኪሟ ደረቴን ቀዝቃዛ ነገር ቀብታ መሣሪያዋን ስታሳርፍበት፣ ከማሽኑ እንደ አንጥረኛ ወናፍ «ሹው… ሹው…» የሚል ድምፅ ወጣ። «ደም ከልብ የሚወጣበት በር ነው፤ በዕድሜ ደርቆ ጠቧል» አለችኝ። ድምፁን ግን አውቀዋለሁ። በዘጠኝ ዓመቴ ሰምቼዋለሁ።

ጋሽ ሰይድ በበቅሎ ጨው የሚነግዱ ሽማግሌ ነበሩ። ልብሳቸው ጨውና የኮርቻ ቆዳ ይሸታል። የሰፈራችንን ዳገት ሲወጡ ሦስት ጊዜ ይቆማሉ፤ በቆሙ ቁጥር ያልላላ መጫኛ ያጠብቃሉ።

«ጋሽ ሰይድ፣ ያ መጫኛ በቅሎዋን ሊቆርጣት ነው!» ትላቸዋለች እናቴ።

«እሷ ያልከሰሰችኝን አንቺ ምን አገባሽ?» ይሏታል፣ ሳቃቸው በትንፋሽ እየተቆራረጠ።

በድርቁ በቅሎዋ ሞተች። መቆማቸው አልቀረም፤ ማመካኛው ብቻ ቀረ።

ንጉሡ በወረዱበት ዓመት ነው፤ ሰልፍ ላይ እንዳለን ጋሽ ሰይድ ተዘረሩ። ያን ጊዜ የወደቀ ሁሉ የተራበ ነበር። እናቴ ሮጣ አጥሚት አመጣችና ራሳቸውን ደግፋ አፋቸው ውስጥ ታንቆረቁር ጀመር።

«ተይ፣ ታንቂያቸዋለሽ! ራብ አይደለም» ብሎ ድሬሰሩ ደረሰ። ደረታቸውን ረጅም ጊዜ አዳመጠ። እኔ ሞቱ ብዬ ስጮህ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ሰካልኝ። «ስሚ፤ አልሞቱም።» ያው ወናፍ ነበር።

ሲነቁ ለደሴ ሆስፒታል ወረቀት ጻፈላቸው። ሹፌሩ «ከኋላ ሰው መጫን ተከልክያለሁ። አንድ በሽተኛ፣ ጋቢና» አለ። ደግፈው አስገቧቸው። እናቴ ልትሰናበታቸው በሩን ይዛ ቆመች። ወንድሜ ሳምንት ሙሉ ተቅማጥ ይዞት አንገቱን መሸከም አቅቶት ነበር። እሷ ምንም አልለመነችም። ጋሽ ሰይድ አንገቱን አይተው ወረዱ።

«ነይ፣ ልጁን ይዘሽ ውጪ።»

«ኧረ እርስዎስ፣ ጋሽ ሰይድ?»

«እኔ ጨው ስሸጥ ኖሬያለሁ፤ ይኼ ገና ጨው አልቀመሰም። ውጪ በአላህ!»

ወረቀቱን እጇ ላይ አኖሩላት። መኪናው ሄደ። ጋሽ ሰይድ እጄን ይዘውኝ ዳገቱን ወጣን። ሦስት ጊዜ ቆሙ። መጫኛ ስላልነበረ የኔን መቀነት እየፈቱ አጠበቁልኝ። እስከ ቤት አንድም ጊዜ አልፈራሁም።

እናቴ ወንድሜን አድና ስትመለስ ጋሽ ሰይድ በሕይወት አልነበሩም።

ሐኪሟን ጠይቄያት፣ ያኔ ደሴ ቢገቡም የልባቸውን በር የሚከፍትላቸው ሐኪም አልነበረም አለችኝ። እሳቸው ግን ይህን አያውቁም ነበር። እዚያ ከደረሱ እንደሚድኑ እያመኑ ነው የወረዱት።

እኔ ዛሬ ዳገት ላይ ሲደክመኝ፣ ልጆቼ እንዳይደነግጡ የነጠላዬን ጫፍ አስተካክላለሁ።

ዘይነባ የምትባል ልጅ ነበረቻቸው፤ ከላላ ወረዳ ነው የተዳረችው። ያለችበትን የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ። ካገኛችኋትም፣ ያ ሕፃን በሕይወት አለ በሉልኝ።