የተላጨው ተራራ

የታንካማ ቀኝ ዓይን ሁልጊዜ በትንሹ እንደተጨፈነ ነው። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ፣ በየጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ጎንበስ ብላ የዝናብ መለኪያውን ብርጭቆ በግራ ዓይኗ ስታነብ ኖራ ፊቷ እንደዚያው ቀረ። በደቡብ ሕንድ፣ በኬረላ ተራሮች ትከሻ ላይ፣ ጓሮዋ ውስጥ ከተተከለው መለኪያ ጎርፍም ትኩሳትም አስቀርቷት አያውቅም።

አንድ ቀን ኮቺ ከተማ ካለው የአየር ንብረት ጥናት ተቋም ደብዳቤ መጣ፤ «መዝገብዎ ከኮምፒውተሩ የዝናብ ስሌት ጋር ስላልገጠመ ከጥናቱ ወጥቷል» ይላል። በማግስቱ የጠዋቱን ዝናብ ለክታ ጻፈች፤ መዝገቧን በላስቲክ ጠቅልላ ወደ ኮቺ አውቶቡስ ተሳፈረች።

ደብዳቤውን የጻፈው ቢጆይ የሚባል ወጣት ተመራማሪ ነበር። ወንበር አቀረበላት።

«እማማ፣ አይቆጡ። ኮምፒውተሩ ከባዱን ዝናብ ጁላይ አሥራ አራት ያዘንበዋል። እርስዎ ጋ አሥራ አምስት ነው። ሁሌም አንድ ቀን ይዘገያሉ።»

«የዘነበውማ አሥራ አራት ነው። ዛፉ ጋጣዬን ያደቀቀው ያን ዕለት ነው። ካላመንክ ላሟን ጠይቃት።»

«ታዲያ ለምን አሥራ አምስት ጻፉ?»

«ጠዋት የምለካው ያደረውን አይደል? የሚጻፈው በተለካበት ቀን ነው። እኔን እንዲህ ብለው አስተማሩኝ። አንተን የሚያስተምርህ ጠፋ?»

ቢጆይ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ። ከዚያ መዝገቡን ሁሉ በአንድ ቀን ወደ ኋላ ሳበው። ስክሪኑ ላይ ሁለቱ መስመሮች፣ የኮምፒውተሩና የእሷ፣ እጅ ለእጅ እንደተያያዙ እህትማማቾች አብረው ወጡ፣ አብረው ወረዱ።

«የዚያ ቀን መጠን ግን አሁንም አልገጠመም» አለ ቀስ ብሎ። «እርስዎ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሚሊሜትር፣ ኮምፒውተሩ መቶ ሰባ።»

«እኔ ወተት ሻጭ አይደለሁም፤ ውኃ አልጨምርም። ይልቅ ተራራዬን አሳየኝ።»

አሳያት። አገሩ በብዙ አራት ማዕዘን ክፍሎች ተከፋፍሏል፤ የእያንዳንዱ ጎን ሃያ አምስት ኪሎሜትር፣ የተሰጠው ከፍታ ግን አንድ ቁጥር ብቻ። ጫፉም ሸለቆውም ተደምሮ ተካፍሏል። ሺህ አንድ መቶ ሜትር ላይ ያለው መንደሯ በኮምፒውተሩ አራት መቶ ላይ ተቀምጧል።

ታንካማ ግራ ዓይኗን ወደ ስክሪኑ አስጠጋች።

«ላጫችሁት እኮ። ከባሕር የመጣ ደመና ምኑ ላይ ወጥቶ ይዝነብ?»

ቢጆይ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ ከሰመ። «ክፍሎቹን ባሳንሳቸው ተራራው ይመለሳል። ግን ስሌቱ ሳምንታት ይፈጃል።»

«እኔ ሃያ ሰባት ዓመት ፈጅቶብኛል። በል፣ መንደሬን ወደ ጥናቱ ዝርዝር መልስ። ቁጭ ብዬ አያለሁ።»

መለሰው። የመንደሯን ስም ፊደል በፊደል አነበበች፤ ከዚያ መዝገቧን ጠቀለለች።

«ሻይ ሳይጠጡ?»

«የነገውን ማን ይለካልኛል? አንተ?»

ጃንጥላዋን ዘረጋችና ወደ አውቶቡሱ ሄደች፤ ዞራም አላየችው።