የሳሎናችን ባሕር ሲያፈስ

ባሌ ከእኔ ቀጥሎ የሚወደው ሳሎናችን ውስጥ የተቀመጠውን የመስታወት ሳጥን ነው እያልኩ ለሰው አወራለሁ። “ከእኔ ቀጥሎ” የምለው ለራሴ ክብር ብዬ ነው።

ሳጥኑ የባሕር ዓሣ ማኖሪያ ነው። ያለነው ጋምቤላ፣ ኒውላንድ ሰፈር፣ ባሮ ወንዝ በእግር የሚደረስበት ቤት ውስጥ ነው። ወንዙ ዓሣ ሞልቶት፣ ገበያው ዓሣ ሞልቶት፣ የእኛ ሳሎን ውስጥ ጣት የማያህሉ ብርቱካንማ ዓሣዎች ጨው በተበጠበጠበት ውሃ፣ በኤሌክትሪክ ኃይል ይኖራሉ። አጠገባቸው ያለውን፣ ኮራል የሚባለውን ድንጋይ ባሌ “እንስሳ ነው፤ ሕይወት አለው” ይለኛል። ነርስ ነኝና የልብ ትርታውን ባዳምጥ ደስ ባለኝ። እንግዳ ሲመጣ ስለ ዓሣዎቹ መጀመሪያ የሚጠይቀው “ይበላል?” ብሎ ነው። አይበላም ስለው ፊቱ ላይ የማየው ቅሬታ የእኔም ቅሬታ ነው።

ነገሩ የመጣው እንዲህ ነው። ባሌ የጄኔሬተር ቴክኒሺያን ነው፤ ጀዊ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ ውስጥ ለሚሠራ አንድ የእርዳታ ድርጅት ይሠራል። የድርጅቱ አንድ የውጭ አገር ኃላፊ ናፍቆቱን ሊያስታግስ ነው መሰለኝ፣ ይህን ሳጥን መኖሪያው ውስጥ አቁሞ ነበር። መብራት በጠፋ ቁጥር ጄኔሬተር አስነስቶ ለዓሣዎቹ ትንፋሽ እንዲያደርስ የሚጠራው ባሌ ነበርና፣ ሰውየው ጊዜው አልቆ ሲሄድ ከነፓምፑ፣ ከነመብራቱ፣ ከነባሕር ጨው ከረጢቱ ሰጠው። ሲሰጠው አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ሰውየው ያለው “ከፈለግህ ውሰደው” ብቻ ነው። ባሌ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ “የሰው አደራ” ይለዋል።

አደራው ቤታችን በገባ ማግስት ያለችን አንዲት ቬንትሌተር ወደ ውሃው ዞረች። የጋምቤላን ሙቀት የቀመሰ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ውሃው ከሞቀ ዓሣዎቹ ይሞታሉ። እኔ ብሞቅ ግን አልሞትም፤ ይህ በተግባር ተረጋግጧል።

ይህን ሁሉ እችለው ነበር። ያልቻልኩት ሌላውን ነው። እናቴ ደሴ ብቻዋን ናት፤ ጉልበቷ ከከዳት ቆይቷል። እኔ ቀኑን ሙሉ የሰው እናት ሳገላብጥ እውላለሁ፤ የእኔን እናት ደግፎ የሚያስነሳት ጎረቤት ነው። ወደ ደሴ ዝውውር ስጠይቅ፣ ስጠይቅ ኖሬ በመጨረሻ ተፈቀደልኝ። ለባሌ ስነግረው ደስ አለው። እውነቱን ነው፣ አቅፎኛል። ከዚያ ወደ ሳጥኑ ዞር አለና “ግን እነዚህ መንገዱን አይችሉትም” አለ። ቆየት ብሎም “ትንሽ እንይ” አለኝ። “ትንሽ እንይ” ምን ያህል እንደምትረዝም ያገባች ሴት ሁሉ ታውቃለች።

እኔም ላገኘሁት ሰው ሁሉ “ያ ሳጥን በተሰበረልኝ” ማለት ጀመርኩ። ሥራ ቦታ አልኩት፤ ውሃ ስንቀዳ አልኩት፤ ስኳር ልገዛ ሄጄ ባለሱቁ ሐጂ ፊት አልኩት። አፌን ሰብሰብ ማድረግ አልፈጠረብኝም።

ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ስነሳ ሳሎኑ ወለል ላይ ውሃ ተኝቶ አገኘሁ። በመስታወቱ አንዱ ማዕዘን ላይ ነጭ የጨው ግግር ወጥቷል፤ ከሥሩ ደግሞ ልኩ እንደጠፋ ጉሉኮስ ጠብ ጠብ ይላል። ባሌን ጠራሁት። በቁምጣ መጥቶ ተንበረከከ፣ ማዕዘኑን በጣቱ ዳሰሰ፣ ጣቱን ቀመሰ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ።

“ምን አድርገሽው ነው?”

“እኔ?”

“እንዲሰበር ስትጸልዪ ነበር። አንቺ ነሽ።”

በትዳራችን ዘመን ሁሉ ጠጥቶ እንኳን እንዲህ ያለ ቃል ተናግሮኝ አያውቅም። ሠርቼው ቢሆን ኖሮ ቢያንስ የተዘጋጀ መልስ ይኖረኝ ነበር።

ውሃው እስክንታረቅ አይጠብቅም። ቧንቧ ለሚጠፋበት ቀን የምናጠራቅምበትን ሰማያዊ በርሜል ጎተትኩ። እሱ ውሃውን በጎማ ሳበ፣ እኔ ዓሣዎቹን በፓስታ ማጥለያ ቀዳሁ፣ ሕይወት አለው የሚባለውን ድንጋይ ሳፋ ውስጥ አስቀመጥን። አንድ ቃል ሳንለዋወጥ አንዱ ሲዘረጋ ሌላው ይቀበላል። እንደዚያ ቀን ተስማምተን የሠራንበትን ጊዜ አላስታውስም።

ከዚያ በኋላ ያለው ኩርፊያ ነበር። በርሜሉን ዓሣዎቹ ስለያዙት ለእኛ ውሃ የምቀዳው ከጎረቤት ነው፤ የጎረቤት ውሃ ደግሞ ያለ ወሬ አይቀዳም። ብዙም ሳይቆይ ሽማግሌ መጣ።

የመጡት ሁለት ናቸው። አንዱ ሐጂ ናቸው፤ ከምስማር እስከ ስኳር የምንገዛው ከእሳቸው ነው። ሌላው ጡረታ የወጡት ርእሰ መምህር፣ አኝዋ ጎረቤታችን ናቸው፤ አማርኛን ቀስ ብለው፣ እያንዳንዱን ቃል እየመዘኑ ነው የሚናገሩት። ሐጂ ገና ሳይቀመጡ ከኪሳቸው አንድ የሲሊኮን ማጣበቂያ አወጡ።

“ሐጂ፣ ይሄ የመስኮት ነው” አላቸው ባሌ። “የሻጋታ መድኃኒት አለበት፤ ዓሣ ይገድላል።”

“እኔ የመጣሁት ለሽምግልና ነው” አሉና ሲሊኮኑን ቀስ አድርገው ወደ ኪሳቸው መለሱት።

መጀመሪያ የተጠየቅሁት እኔ ነኝ።

“ሲስተር፣ ነክተሽዋል?” አሉኝ ርእሰ መምህሩ።

“አልነካሁም።”

“በተሰበረልኝ ብለሽ ግን ታውቂያለሽ” አሉ ሐጂ። “እኔው ሱቅ።”

“ብያለሁ። በምኞት መስታወት የሚሰበር ቢሆን እስካሁን ደሴ ነበርኩ።”

ወጥተው ግቢያችን ካለው ማንጎ ሥር መከሩና ተመለሱ። ውሳኔውን የተናገሩት ሐጂ ናቸው። “ልጄ፣ አንቺ እንዳላደረግሽው እናምናለን። ግን ለቤቱ ሰላም ሲባል ይቅርታ በዪው።”

ይህን ሽምግልናችንን አውቀዋለሁ። ያጠፋውን ከመለመን ያላጠፋውን ማስጨነቅ ይቀላል። ሌላ ጊዜ ቢሆን እሺ ብዬ እገላገል ነበር። ያን ቀን ግን አልቻልኩም።

“ያላደረግሁትን ይቅርታ አልጠይቅም። ቃሉን እሱ ያንሳልኝ።”

“ይቅርታ ማለት ምን ይቀንስብሻል?” አሉ ሐጂ።

ርእሰ መምህሩ ክፍል ውስጥ እንዳሉ ሁሉ ብድግ አሉ። “ትዳር” አሉና፣ እጃቸውን ባዶው መስታወት የተቀመጠበት ጠረጴዛ ላይ ደገፍ አድርገው፣ “ትዳር አንዱ ሲደክም ሌላው የሚሸከምበት ነገር ነው...”

ጠረጴዛው መሸከሙን ተወ። አንዱ እግሩ ክሽ ብሎ ፈረሰ፤ ባሌ ዘሎ መስታወቱን አቀፈ፣ ሐጂ ርእሰ መምህሩን አቀፉ። ወለሉ ላይ የተዘረገፈው ቀይ አፈርና ነጭ ምስጥ ነው። እዚህ አገር የአልጋ እግር የተቃጠለ ዘይት ሳይቀባ የሚያድር የለም፤ የእኛንም አልጋ የቀባው ራሱ ባሌ ነው። ጠረጴዛውን ግን በገዛ እጁ ሠርቶ፣ በሚያብረቀርቅ ቀለም አሳምሮ፣ ከዚያ ወዲህ ዓይኑን ከዓሣዎቹ ዝቅ አድርጎ አያውቅም። ምስጡ ቀለሙን ትቶ ውስጡን ጨርሶታል። እግሩ በሰመጠ ቁጥር ሳጥኑ ዘንበል ብሎ፣ ማዕዘኑ ተስቦ ተላቅቋል።

ርእሰ መምህሩ ሱሪያቸውን አራገፉ። “እንግዲህ አጥፊው ተገኝቷል” አሉ።

ባሌ መስታወቱን ወለሉ ላይ አሳርፎ መጣና ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ አለ። ብድግ አደረግሁት። “ይቅር በዪኝ፤ ምን እንደነካኝ አላውቅም” አለ። ይቅር አልኩት። ከልቤ ነው፤ እንደ ላባ ቀለለኝ። ረትቻለሁ። በማግስቱ ሥራ ቦታ ታሪኩን ያልነገርኩት በሽተኛ የለም።

ባሌ ከዚያ በኋላ ሥራ ጀመረ። መርዝ የሌለበትን ሲሊኮን ከአዲስ አበባ በሚመጣ ሰው አስልኮ መስታወቱን ገጣጠመ። ብየዳ ቤት ሄዶ ሙሉ በሙሉ ብረት የሆነ ጠረጴዛ አሠራ። ወለሉን ቆፍሮ አራቱንም እግሮች በሲሚንቶ ቀበራቸው፤ ከእንግዲህ ዘንበል የሚል ነገር የለም። እያንጎራጎረ ነበር የሚሠራው፤ ውሃ እያቀበልኩ አብሬው ዋልኩ። ሲሚንቶው ደርቆ፣ ሳጥኑ ሞልቶ፣ ዓሣዎቹ ከበርሜል ሲመለሱና መብራቱ ሲበራ፣ ምን እዋሻለሁ፣ ያምር ነበር። ቬንትሌተሯን አዞረላቸውና እጁን በጨርቅ እየጠረገ አጠገቤ ተቀመጠ።

“አሁን ምስጥ ጥርሱን ይሰብራል እንጂ አይነካውም” አለኝ።

“ጎበዝ” አልኩት። “ስንሄድ ግን እንዴት ነው የሚነቀለው?”

ዞሮ አየኝ። ተንኮል አልነበረበትም፤ እያላገጠም አልነበረም። ከልቡ ግራ ገብቶት ነው።

“የት ስንሄድ?” አለኝ።

“አንቺ ነሽ” ያለኝ ቀን እንኳን እንዲህ አላመመኝም። ያን ቀን ቢያንስ ስለ እኔ እያሰበ ነበር።