ኮከቡ የዘጋው ቦይ

በደርግ ጊዜ ናዝሬት ውስጥ የሥዕል መምህር ነበርኩ። ከቤቴ አጠገብ የቀበሌው መናፈሻ የሚባል ጎድጓዳ ሜዳ አለ። ክረምት በመጣ ቁጥር ከኮረብታው የሚወርደው ጎርፍ እዚያ ይሞላና በየቤታችን ይገባል። ይህ ያንገሸገሻቸው ልብስ ሰፊዋ ጎረቤቴ አንድ ቀን፣ «አንተ መምህር፣ በየቅዳሜው ዘመቻ ድንጋይ ኖራ ከምንቀባ ለምን ቦይ አንቆፍርም?» አሉኝ።

ቆፈርን። ቦዩ ጎርፉን ሜዳውን አሻግሮ ወደ ታችኛው ገደል ያወርደዋል። ግድግዳውን ሰው ከየቤቱ ባመጣው የሳህንና የማቶኔላ ስብርባሪ አስጌጥነው። እኔ በከሰል ነደፍኩ፣ ሌላው በሲሚንቶ ለጠፈ። ዓሣ ወጣ፣ ዳክዬ ወጣ። ልብስ ሰፊዋ የሠሯት ሰጎን ግመል ብትመስልም፣ ሰጎን ናት ብለው ሙጭጭ አሉ።

ከዚያ የቀበሌው ሊቀመንበር መጣ።

«ጓድ መምህር፣ አብዮቱ የታለ? እኔ የማየው ዳክዬ ነው።»

ከአውራጃ እንግዳ ስለሚመጣ፣ ከመንገድ የሚታይ ባለ ኮከብ ግንብ ይሠራ አለ። የት? ልክ የቦዩ መውጫ ላይ!

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ውሃው በየት ይውጣ?»

«ውሃ አብዮትን አይቀድምም!»

ለመንኩት። በወረቀት ነድፌ አሳየሁት። በመጨረሻ መውጫውን በጣውላ ዘግቼ ባልዲ ውሃ ደፋሁበት። ውሃው ተመልሶ ጫማውን አራሰው። እሱ ጫማውን አራግፎ፣ «ይሄ የባልዲ ውሃ ነው፤ ዝናብ ሌላ ነው» ብሎኝ ሄደ። ምን ይባላል? ግንቡ ተሠራ፤ ቀዩን ኮከብም በገዛ እጄ ቀባሁት።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ዶፍ ወረደ። ቦዩ ሞልቶ ገነፈለ። ስደርስ ልብስ ሰፊዋ ቤት ውሃው ጉልበት ደርሷል፤ የስፌት መኪናቸውን አልጋ ላይ ሰቅለው ዶማ ይዘው ወጡ።

«ያ ረቢ! ምን ይገትርሃል? ያዝ እንጂ!»

ዶማውን እየተቀባበልን ግንቡን ናድነው። ውሃው እየጮኸ ወደ ገደሉ ወረደ።

በማግስቱ ተጠርቼ ግለ ሂስ ጻፍ ተባልኩ። ሊቀመንበሩ ሦስት ጊዜ አስደገመኝ፤ ጸጸቱ አልበቃውም። እንግዳው እንደሆነ ጭራሽ አልመጣም። ግንቡም እንደገና ተሠራ፤ አሁን ግን ከሥሩ ሰፊ ቀዳዳ ተተወለት። በቀጣዩ ስብሰባ ሊቀመንበሩ ተነስቶ፣ ውሃ ማሳለፊያውን ከጥልቅ ጥናት በኋላ ራሱ እንዳፈለቀው ነገረን።

ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። ልብስ ሰፊዋ ብቻ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ፤ ስንወጣም እኔን ትተው ብቻቸውን ወደ ቤታቸው ሄዱ።