የሰይድ ደምና የድሮ ጽሑፌ

ከአገር የወጣሁ ለት ማታ ቦሌ ላይ ሻንጣዬ ከሚፈቀደው ኪሎ በለጠ። ውስጡ ሁለት ከባድ ነገሮች ነበሩ፤ እናቴ ከደሴ የላከችልኝ በርበሬና ጎንደር ላይ ስምንት ዓመት የለፋሁበት የምርምር ጥራዝ። ጥራዙን ለወንድሜ መልሼ በርበሬውን ይዤ ገባሁ። ወንድሜ በርበሬ እኮ ጅዳም ይሸጣል ቢለኝ አልሰማሁትም። እውነቱን ነበር፣ ይሸጣል።

ቪዛ የላከልኝ ባሌ ነው፤ ጅዳ ወደብ በጸሐፊነት ይሠራል። በግዳዲያ በሚባል ሰፈር ሁለት ክፍል ተከራየን፣ ሀናን ተወለደች፣ እኔም ኢቃማ የሚሉትን የመኖሪያ ፈቃድ የሚያሳድሱ ሠራተኞችን በሚመረምር ትንሽ የግል ክሊኒክ ሥራ አገኘሁ። የተገኘው ቦታ የላብራቶሪ ቴክኒሻንነት ነው። ዶክትሬት አለኝ ካልሽ ወረቀቱ ይጣራ፣ ይመዘን ሲባል ዓመት ይፈጃል ብለው መከሩኝና ዝም አልኩ። እዚህ ደግሞ የወለደች ሴት የምትጠራው በልጇ ስም ነው። ይኸው ስድስት ዓመቴ፣ አለቃዬ ዶክተር ማጂድ ከኡሙ ሀናን ሌላ ስም እንዳለኝ አያውቅም።

ስለ ሙቀቱ ምን ልበላችሁ? ከቤት እስከ አውቶቡስ ድረስ ያለችው መንገድ ልብሴን ታረጥበዋለች። የደሴ ብርድ ሲናፍቀኝ ናሙና የምናስቀምጥበት ቀዝቃዛ ክፍል ገብቼ ትንሽ እቆማለሁ።

የቀድሞ አስተማሪዬ ጋሽ ተፈራ ግን አልረሳኝም። ስለ ኤችአይቪ የጻፍኩትን ሌላ ተመራማሪ በጠቀሰው ቁጥር ይደውልልኛል፤ አንዴ ከብራዚል፣ አንዴ ከህንድ ጠቀሱሽ ይለኛል። ይህንን አንድ ጁምዓ መካ ለአማቴ ነገርኳቸው። አያቶቻቸው ከወሎ መጥተው መካ የቀሩ፣ እሳቸውም እዚያው የተወለዱ ናቸው። «ይኼማ ሰደቀቱል ጃሪያ ነው ልጄ፣ ሰው ሞቶ እንኳ አጅሩ የማይቋረጥበት» አሉኝ። ደስ አለኝ። ቆይቼ ግን ከፋኝ፤ እኔ ገና አልሞትኩማ።

አንድ ቀን ጠዋት ፔትሮሚን ሰፈር ጋራዥ የሚሠራ ሰይድ የሚባል የከሚሴ ሰው ኢቃማውን ሊያሳድስ መጣ። ደሙን ስቀዳ አማርኛ መናገሬን ሲሰማ እፎይ ብሎ የአራት ልጆቹን ስም ቆጠረልኝ፤ ሁሉም የሚያድሩት በእሱ እጅ ነው። ደሙን ብመረምረው መሣሪያው ኤችአይቪ አለበት አለ። ደገምኩት፣ ያው ነው። በክሊኒካችን አሠራር ሁለቴ እንዲህ ከመጣ ስሙ ኮምፒውተር ውስጥ ይገባል፣ ከፊል ለሚባለው አሠሪው ይነገራል፣ ሰውየው ወደ አገሩ ይሸኛል። ማረጋገጫው ከትልቁ ላብራቶሪ የሚመጣው ከሳምንት በኋላ ነው፤ አንዴ የገባን ስም ማስወጣት ደግሞ መከራ ነው።

ሰይድን መልሼ አስቀመጥኩትና ከዚህ በፊት ምን ታምመህ ነበር አልኩት። ሁመራ ሰሊጥ አጨዳ ወርዶ ካላዛር ይዞት እንደነበር ነገረኝ። የስምንት ዓመት ልፋቴ ይኸው ነበር፤ ካላዛር የያዘው ሰው ደም አንዳንዱን መሣሪያ ያሳስተዋል፤ ቫይረሱ ሳይኖር አለ ያሰኘዋል። ሰይድ ቫይረሱ በእርግጥ ሊኖርበትም ይችላል። ግን ገና አልታወቀም፤ ባልታወቀ ነገር ደግሞ ሰው አይባረርም።

ዶክተር ማጂድ ክፉ ሰው አይደለም፣ ሥራ ያደከመው ነው። ማረጋገጫው እስኪመጣ ስሙን አናስገባ ስለው ብዕሩን አስቀመጠ።

«ኡሙ ሀናን፣ አንቺ ቴክኒሻን ነሽ። ከፊሉ በር ላይ ቆሟል። በማን ቃል ነው ጠብቅ የምለው?»

ጽሑፌን ከስልኬ ከፍቼ ሰጠሁት። ቀስ ብሎ አነበበው፤ እነማን እንደጠቀሱት የሚዘረዝረው ጋ ሲደርስ ከመነጽሩ በላይ አየኝ።

«ይቺን ሴት ትልልቆቹ ሁሉ ጠቅሰዋታል። ታውቂያታለሽ?»

«የአገሬ ልጅ ናት» አልኩት።

«ታዲያ ቀድመሽ አትነግሪኝም? ኸላስ፣ እንጠብቃለን።»

ሳምንቱ አለቀ። ማረጋገጫው ሲመጣ ቫይረስ የለም ይላል። ለሰይድ ሁሉንም አስረድቼ፣ ካላዛር ይዞት እንደነበር በአረብኛ ጽፌ፣ ለሚቀጥለው ምርመራ ይዘህ ሂድ ብዬ ሰጠሁት። ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ።

«አልሐምዱሊላህ። ግን እህቴ፣ ሳምንት ሙሉ አጉላላችሁኝ እኮ» አለኝ።

አፉ በለኝ አልኩት።

ዶክተር ማጂድ ለተመራማሪዋ የምስጋና ደብዳቤ የጻፈው ከዚያ በኋላ ነው። ጽሑፉ ላይ ባለው የኢሜይል አድራሻ ላከው፤ ከእሱ ክፍል ወጥቶ፣ ግድግዳ ተሻግሮ እኔ ስልክ ላይ ደረሰ። «ክብርት ዶክተር ዘይነባ ይማም» ይላል። አመስግኖኝ ሲያበቃ፣ ከዚያ ወዲህ የሠሩትን ፈልጌ አጣሁ፣ እባክዎ ይላኩልኝ ብሎ ዘጋው። አፈርኩ። ከሰይድ ሌላ ያለ ስሜ ያገለገልኳቸው ብዙ ናቸው ብዬ ልጽናና ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም።

ባሌ ነገ ሄደሽ እኔ ነኝ በይው አለኝ። በማግስቱ ይህንኑ ልል ቆርጬ ገባሁ። ዶክተር ማጂድ ቀደመኝ።

«ያቺ የአገርሽ ልጅ እስካሁን አልመለሰችልኝም። ደህና ናት?»

«ሥራ በዝቶባት ይሆናል» አልኩትና ቀጣዩን ሰው ጠራሁ።