የአባቴን ቁስል በወረቀት

ይህ የሆነው ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ ነው። አባቴ እንጨት ሲፈልጥ መጥረቢያው ስቶ ቅልጥሙን መታው። ቁስሉ አመርቅዞ ሆስፒታል ተኛ፤ አስታማሚው እኔ ነበርኩ። ከአልጋው ሥር ጋቢ አንጥፌ ያሳለፍኩትን ድካም ወገቤ ዛሬም አልረሳውም። እኔ የማልረሳው ግን ሌላ ነው።

በእኛ በጓሳ በኩል በሽተኛ ሊጠይቅ የመጣ ሰው ቁስሉን ሳያይ አይሄድም። «እስቲ ልየው» ይላል። አባዬ እንግዳ ማሳፈር አይሆንለትም፤ «ፍቺለት» ይለኛል። እኔም ባልታጠበ እጄ ፋሻውን እፈታለሁ። ያያሉ፣ ከንፈራቸውን ይመጣሉ፣ «እግዜር ይማርህ» ይላሉ። መልሼ እጠመጥማለሁ። አንድ የገበያ ቀን ስድስት ጊዜ ፈትቻለሁ።

ቁስል የምታጥበው ነርስ፣ ሲስተር ዘነበች፣ ግራ ገባት። ክፍሉን ሙሉ ብቻዋን ነው የምታዳርሰው። «ጠዋት አጥቤ አስራለሁ፣ በነጋታው መግል! ምን ላድርግህ?» ትለዋለች። ሐኪሙ ደግሞ በዚሁ ከቀጠለ ደብረ ብርሃን እንደሚላክ፣ እግሩንም ሊያጣ እንደሚችል ነገረን። አባዬ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አራሽ ነው፤ ያለ እግር እንዴት ያርሳል?

በማግስቱ ከሰዓት ሲስተር ድንገት ስትገባ ጎረቤታችን ጋሽ ደምሴ ጎንበስ ብለው ቁስሉን በጣታቸው ጫን ጫን ያደርጋሉ። ፋሻው በእኔ እጅ ነው።

«ኧረ በእመቤቴ! ምንድን ነው የምትሠሩት?»

«ልጄ፣ ሳላየው ሄጄ ለአገሩ ምን ልበል?» አሏት።

ትጮህብናለች ብዬ ነበር። አልጮኸችም። የአልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለችና «እኔ ስንቱን ልከላከል?» አለች። ይኼኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

በነጋታው ጠዋት ስታጥበው አጠገቧ ቆሜ ደህና አድርጌ አየሁ። ከደብተሬ ወረቀት ገነጠልኩና ጻፍኩ፦

«የአባቴ ቁስል ዛሬ፦ ርዝመቱ የመሐል ጣቴን ያህላል። ዳር ዳሩ ቀልቷል። መግል አለው። ይሸታል። እኔ አይቼላችኋለሁ፤ ፋሻውን ከሲስተር በቀር ማንም አይፈታም።»

በፕላስተር ራስጌው ላይ ለጠፍኩት። ማንበብ ለማይችል አነብለታለሁ። በየቀኑ አዲስ እጽፋለሁ። አንዳንዷ አክስት ሦስቴ ታስደግመኛለች፤ ጉሮሮዬ ደረቀ።

ጋሽ ደምሴ ተመልሰው መጡ። ባርኔጣቸውን አውልቀው እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ።

«ሽታውንም ጽፈሻል?»

«ጽፌያለሁ፣ ጋሼ። ዛሬ ቀንሷል።»

«በቃ፣ አይቼዋለሁ» ብለው ተነሡ።

መግሉ ቀስ በቀስ ደረቀ። የደብረ ብርሃን ነገር ቀረ። ሲስተር «ለጎረቤት አልጋዎችም ጻፊልኝ» አለችኝ፤ ዓይኔ በእንቅልፍ እየተከደነ ጻፍኩ።

አሁን አባዬ በከዘራ ይራመዳል። በዚያ ባልታጠበ እጄ ስንቴ እንደፈታሁት ሳስብ ይሰቀጥጠኛል። የማልረሳው ግን ይህን ነው፦ እስከዚያ ድረስ የጻፍኩትን የሚያነብ በቀይ እስክሪብቶ የሚያርመኝ መምህሬ ብቻ ነበር። አሁን እንግዳ ሲመጣ አባዬ ሱሪውን አይሰበስብም። «ያኔ የጻፍሽውን አንብቢላቸው» ይለኛል። ቢደክመኝም አነባለሁ።