ከጋቢና የተነሳው ዘፋኝ

ትናንት ጠዋት... እኔና እማዬ ሱሉልታ ክርስትና ተጠርተን ከአዲሱ ገበያ ሚኒባስ ያዝን። እማዬ ጋቢና ካላገኘች ንቅንቅ አትልም፣ ጉልበቴን ትላለች። እኔም አብሬያት ጋቢና ገባሁ።

ገና ዳገቱን ስንጀምር ሬዲዮው ያንን ዘፈን አይለቀው መሰላችሁ! የጎጃም መንገድ ዘፈን... ያ እንኳን፣ ዘፋኙ ከኋላ ሆኖ ሹሩባዋን ብቻ እያየ «ዞር በይልኝ አንዴ፣ መንገዱ ሳያልቅ» እያለ የሚለምናት።

ክው አልኩ። አባዬ ካረፈ ገና ዓመት መሙላቱ ነው፣ ይሄ ዘፈን ደግሞ የእሱ ነው። ማለቴ... የዘፈነው እሱ አይደለም። አባዬ የጎጃም መስመር አውቶብስ ሹፌር ነበር፤ «ይሄ ዘፈን እኔ መኪና ውስጥ ነው የተወለደው!» እያለ ሲምል ሲገዘት ነው የኖረው።

ዘፋኙ ያኔ ስሙ ገና አልወጣም። ከደብረ ማርቆስ ሲመለስ ጋቢና ተቀምጧል። ፍቼ ላይ አንዲት ልጅ ልትሳፈር ስትል መኪናው ሙሉ ነው። አባዬ ሆዬ ዘፋኙን አስነስቶ ልጅቷን ጋቢና አስቀመጣታ! ሰውየው ከኋላዋ በርጩማ ላይ ተኮራምቶ፣ ማጅራቷን እያየ መንገዱን ጨረሰ። ዘፈኑም እዚያው መጣለት... እንደ አባዬ አባባል።

«ልጅቷስ ማን ናት?» ስንለው «ሱሉልታ ወረደች፣ አለቀ!» ይላል። እማዬ ደግሞ «ኤጭ፣ ጉራህን ተወን እስቲ!» ብላ ሬዲዮውን ድርግም ታደርገዋለች። ሰፈሩ «ቀደዳው» የሚል ስም አውጥቶለት ነበር። በዚያው ስም መቀበሩ እስካሁን አንጀቴን ይበላኛል።

እና እማዬ እንዳይከፋት ብዬ ሹፌሩን «ወንድሜ፣ እስቲ ጣቢያ ቀይረው» አልኩት።

«ተወው፣ ይዝፈን» አለች እማዬ።

ዘፈኑ ሲያልቅ አንድ ተንታኝ ተቀበለ። ሴትየዋ ሴት አይደለችም አለን። ፊቷን ያዞረችብን ሀገር ናት፣ ወርቁ እሱ ነው አለ። ከኋላ አንድ ጋሼ «ኧረ አባይ ነው! ጀርባውን ሰጥቶን የሚሄደው ሌላ ማን አለ?» አሉ። አንዷ ደግሞ «ዲሞክራሲ ናት» አለች። ሚኒባሱ በክርክር ቀለጠ።

እማዬ ነጠላዋን አስተካከለችና «እኔ ነኝ» አለች።

ሁሉም ወደ ጋቢና አንገቱን አሰገገ...

«ምኑ ነዎት ማዘር?» አለ ሹፌሩ።

«ባለ ሹሩባዋ ነኛ! ፍቼ አክስቴ ጋ ከርሜ ስመለስ ነው። ዘፋኙን አስነስቶ እኔን አስቀመጠኝ።»

«ዱጋ? እውነትዎን ነው?» አለች ባለ ዲሞክራሲዋ።

«ዱጋ!» አለች እማዬ። ከዚያ ወደኔ ዞረች። «ኋላ አባታችሁ ሽማግሌ ሲልክ ‹ቤተ ክርስቲያን ነው ያያት› አስባልኩት። ሹፌር መኪና ላይ አየኝ ብል አባቴ ያርደኝ ነበራ! ለማንም እንዳይናገር በማርያም አስማልኩት። ዘፈኑን ማውራት አላስቻለውም... እኔን ግን አላነሳኝም። ሰው ሁሉ ቀደዳው ሲለው ይስቃል እንጂ አንድ ቀን ስሜን አልጠራም።»

እኔም እንባዬ መጣ፤ በመስኮት መንገድ ዳር የሚለማመዱትን ሯጮች የማይ መስዬ ፊቴን አዞርኩ።

ሹፌሩ ግን አላስቻለውም። «ማዘር፣ በሞቴ... ሰውየው እንደዚያ ሲለምንዎት ምናለ አንዴ ዞር ቢሉለት?»

እማዬ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ፈገግ አለች።

«እኔ እቴ! ከኋላዬ ሰው መኖሩንስ መቼ አወቅኩ? ሹፌሩን እያየሁ ነበር።»

ሚኒባሱ በእልልታና በሳቅ ተናጋ። ሱሉልታ ደርሰን እማዬ «ወራጅ አለ» ስትል እኚያ ጋሼ ከኋላ ወርደው መጥተው፣ እጇን ይዘው አወረዷት።

አባዬ ያጋንናል ስንል ኖረን... ለካ ግማሹን ቀንሶ ነው የነገረን።